የጋሼ ከድር ቃላት

ቡታጅራ፣ ኅዳር 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጡረተኛው መምህር ጋሼ ከድር ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸው የመስቃን ቋንቋ ቃላት የተጻፉት በድሮ ፕሮግራም ስለሆነ አዲስ ኮምፒውተር አይከፍታቸውም። የኮምፒውተር ጥገና ሱቄን የሚጋራኝ ሙራድ፣ "ጊዜው አልፎበታል፤ ጣዪው" አለኝ።

አልጥለውም! ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በውስጡ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም፣ ፈጥሬ የድሮውን ዊንዶውስ ጫንኩበት። ብዙ ራም፣ የሥራ ማኅደረ ትውስታ፣ ስሰጠው ለድሮው ዊንዶውስ በዝቶበት አልነሳም አለ። እኔም እልህ ያዘኝና ራሙን ቀነስኩበት፤ ተነሳ። የድሮውን ፕሮግራም ጭኜ ቃላቱን ስከፍት ፊደሉ ተዘበራረቀ፤ ስክሪኑን የሚያሠራውን ድራይቨር ስጭንለት ግን ጠራ።

ጋሼ ከድርን አስጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ያለቅሳሉ ብዬ ስፈራ፣ "ይህቺን ቃል ተሳስቻለሁ፤ አርሚልኝ" አሉ።

"አሁን ይሄን ማን ያነበዋል?" አለ ሙራድ።

"አንተ ነሃ! ወንበር ሳብና ቁጭ በል" አሉት።