ቀን የሌለው ቀጠሮ

እሑድ
አባባ ጉድ ሠሩኝ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ከማን ዘንድ እንደመጡ ሳያስቀምጧቸው መጠየቅ ነበረባቸው። የወዳጄ የመስፍን ሽማግሌዎች መስለዋቸው፣ «ግቡ፣ ተቀመጡ፤ ስንጠብቃችሁ ነበር» አሏቸው። ለካ የላካቸው የፉሪው ባለወፍጮ በቀለ ነው። አጎቱ ኦቦ ቱሉ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው፤ «ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እንዲህ የተቀበለን ቤት የለም» አሉ። አባባ መልሱን ለሚመጣው እሑድ ቀጠሯቸው።

ሰኞ
አባባ ምን ያድርጉ? «መስፍን ሰሞኑን ሽማግሌ ይልካል» እያልኩ የከረምኩት እኔ ነኝ። መስፍን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ የጋብቻ ነገር ሲነሣ አማርኛ ይጠፋዋል። «ዋን ኦፍ ዚዝ ዴይስ» ይላል፤ ከነዚህ ቀኖች ባንዱ። የትኛው ቀን? «ሱነር ኦር ሌተር»፤ ይዋል ይደር እንጂ አይቀርም። «ኢን ዱ ኮርስ»፤ ጊዜው ሲደርስ። እነዚህን ለስድስተኛ ክፍል የማስተምር እኔ፣ ቀን እንደሌላቸው ጠፍቶኝ ነው? በእንግሊዝኛ ሲሆን ተስፋ ይመስላል። በአማርኛ ቢለው ኖሮ ዛሬ ነገ እያለ እንደሚያመላልሰኝ ድሮ ይገባኝ ነበር።

ረቡዕ
አባባን ለመንኳቸው። በስሕተት ነው ይበሏቸው አልኩ።
«በገዛ አፌ ስንጠብቃችሁ ነበር ብዬ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉኝ።
የወለዱት እኔን ነው። ራት አልበላሁም። ቆይተው መጡና፣ «መስፍን ቀን ቆርጦ ከነገረሽ ግን ውርደቱን እችለዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ልስልስ ብሎ ነበር።

ቅዳሜ
በጧቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ወረድኩ። ለመስፍን ሁሉን ነገርኩት። አንድ ቀን ጥራልኝ አልኩት፤ ከፋሲካ በኋላም ይሁን፣ የዛሬ ዓመትም ይሁን፣ ብቻ ጥራ። ሳቀ። ክራባቱን አስተካከለ።
«ሰምደይ፣ ዳርሊንግ።»
አንድ ቀን፣ ማለቱ ነው። ወደ ሰበታ ስመለስ አላለቀስኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። አልቅሻለሁ።

እሑድ
ሽማግሌዎቹ መጡ። አባባ ጓዳ ገብተው «ምን ልበላቸው?» አሉኝ። መስፍን ቀን ሰጥቶኛል ብዬ መዋሸት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።
«እሺ ይበሏቸው» አልኩ።
በቀለን በገበያ ቀን ከሰላምታ አልፌ አላውቀውም። ክፉ ነው ሲሉትም አልሰማሁም። እሺ ያልኩት ግን ለሱ አይደለም፣ ለንዴቴ ነው። በንዴት እሺ ያለች ሴት ምን ዓይነት ሚስት ይወጣታል? እንጃ።

ሰርጉ ለቃና ዘገሊላ ማግስት ተቆረጠ። እማማ እልል ሲሉ እኔ ጓዳ ሆኜ ፊቴን እታጠብ ነበር።