ዘመኑን ልክ ነግሬያቸዋለሁ

ሪያድ፣ ባዲዓ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሙሀባው «አባባ ሆስፒታል ገቡ» ብሎ ስላስደነገጠሽ ተቆጥቼዋለሁ። አብሮኝ ስለሚሠራና ክፍል ስለምንጋራ የፈለገውን ማውራት የሚችል ይመስለዋል። ነገሩን ከራሴ ስሚ።

ሙረባዕ ሰፈር አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ኤሲ ስጠግን ራሴን ፈለጠኝ። ፀሐዩ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀጥሎ አስመለሰኝ፣ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ የያዝኩት መፍቻ ለምን እንደሆነ ጠፋኝ። ሙሀባው «ያላ አባባ፣ እንውረድ» ብሎ ሲጎትተኝ እንደሰደብኩት ይናገራል። እኔ አላስታውስም።

የደም ግፊቴ ላይኛው ሁለት መቶ ሠላሳ ደርሶ ነበር። ግብፃዊው ዶክተር የጭንቅላቴን ፎቶ እያሳየ አስረዳኝ፤ ግፊቱ ሲበረታ የአንጎሌ ደም ሥሮች መቋቋም አቅቷቸው ውሃ አፈሰሱ፣ አንጎሌም አበጠ። ሳላውቃቸው ያለፉ ቆየት ያሉ ትንንሽ ጉዳቶችም አሉ። ያለ መምህር ሥራውን ከመጽሐፍ ተምሬ ዕድሜዬን ሙሉ የኤሲ ግፊት ስለካ ኖርኩ። ቱቦ ሲያፈስ ድምፅ አለው። የኔ ራስ ድምፅ አላሰማም። የግፊቱን መድኃኒት ያቆምኩት ምንም ስላልተሰማኝ ነው፤ ይኼን እየደጋገምሽ እንዳታነሺብኝ።

ዶክተሩ ልቦናዬ መመለሱን ሊፈትን ዓመቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። «ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። ለሽማግሌ እንደሚሉት «ያ ሀጅ፣ እሱማ አልፏል» አለኝ። «ያለፈው ላንተ ነው» አልኩት።

ሀያት የምትባል የሀገራችን ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ሰምታ ሳቀች። «ዶክተር፣ ልክ ናቸው፤ የኛ ዘመን አቆጣጠር ነው» አለችው። እሱም እንግዲያው በቋንቋቸው ጠይቂያቸው አላት።

«አባባ፣ ልጅ አለዎት?»

«አንዲት።»

«ስሟ ማን ይባላል?»

«አንቺን ምን አገባሽ» አልኳት።

መሳቋን ተወች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። አልከለከልኳትም።

መሰላል መውጣት ክልክል ነው፣ ብቻዎን አይኑሩ ይሉኛል። ግፊቱ እንደገና እንዲያ ከወጣ የቀረውንም ሊወስደው ይችላል አሉ። መድኃኒቱን ጧት ጧት እውጣለሁ። ሙሀባው ሥራ ሲሄድ ክፍሉ ጭር ይላል። ያኔ ቁጭ ብዬ ስም እጠራለሁ፤ የእናትሽን፣ የወንድሞቼን፣ የድሮ ጎረቤቶቻችንን። ብዙዎቹ ይመጡልኛል።

«ወደ ሀገርዎ ይግቡ» ስትይኝ እምቢ ማለቴ ትክክል ነበር። አሁን ግን ሙቀቱ ሰልችቶኛል። ከፊሌን፣ አሠሪዬን፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ አውጣልኝ ብዬዋለሁ። የምመጣው ስለታመምኩ እንዳይመስልሽ።

እስከዚያው ስትደውዪ ከሰላምታ በፊት ስምሽን ጥርት አድርገሽ ንገሪኝ። እዚህ ኔትወርኩ መጥፎ ነው፤ ድምፅ አያስለይም።

የእናትሽ አምላክ ከደጅሽ አይራቅ።

አባትሽ ገብሩ