ጋቢናው የማን ነበር

ሰኞ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። እስከ ባሮ ድልድይ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፤ የባጃጅ ልጆች «ፋዘር፣ ግቡ!» ሲሉኝ እጄን አወናጭፌ አልፋለሁ። መነጽሬን ካገኘሁ ደግሞ እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው።

ልጄ ሰናይት ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው። ከተማችን የራሷ አውቶቡስ ልታገኝ ነው፤ ቅዳሜ ሥራ ይጀምራል። ድሮ ሰው በምን ይጓጓዝ እንደነበር ጽፈሽ አምጪ፣ አውቶቡሱ ላይ ይነበባል ብለዋታል። ታዲያ ማን ዘንድ ሄደች? ኦሞድ ዘንድ! ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ሰው በታንኳ ያሻግር የነበረው ኦሞድ። እኔ አባቷ፣ ከጎሬ እስከ ወንዙ ዳር ሰው ያመላለስኩ ሹፌር፣ እዚሁ ቤት ተቀምጫለሁ።

ዛሬም ከሥራ ስትወጣ እሱ ጋ ነበረች። ማንጎ ይዛ ገባች። «አባባ ኦሞድ ነው የላከልህ» አለችኝ።

አባባ!

አልበላም አልኩ። ቆይቼ አንዷን በላሁ። ትጣፍጣለች። ይሄም አናደደኝ።

ማክሰኞ

ወንዝ ዳር ወረድኩ። ለመታጠብ ነው እንጂ እሱን ብዬ አይደለም። እሱ ግን እንደ ሁልጊዜው ዛፉ ሥር ቁጭ ብሏል።

«ሹፌሩ! ጉልበትህ ደርቋል መሰለኝ። ባጃጅ ልጥራልህ?» አለኝ።

«ባጃጅም ቢሆን ጎማ አለው። ያንተ ምን ነበረው?»

«የኔ ጭቃ አይዘውም ነበር። ያንተን ስንቴ ገፋሁልህ?»

እውነቱን ነው፤ ገፍቷል። ጎንበስ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ።

ስነሳ «ልጅህ ጎበዝ ናት። ጆሮዋ እንደ እናቷ ነው» አለ። የአልማዝን ጆሮ እሱ ከየት ያውቃል? ሚስቴን ጎሬ ላይ ጋቢና ያስቀመጥኳት እኔ። ያገባኋት እኔ። የቀበርኳት እኔ።

እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ረቡዕ

በፀሐይ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የዚች ከተማ የመጀመሪያው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና እንጂ ታንኳ አይደለም፣ ይመዝገብልኝ ልል ነው። ሰናይት የለችም። አንዲት ልጅ ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም።

«ጋሽ በቀለ፣ እርስዎም ቅዳሜ ይመጣሉ አይደል? አቶ ኦሞድ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣሉ፤ ሰዉ እንዲያያቸው» አለችኝ።

ከሹፌሩ ጎን። ጋቢና ማለት ነው። ኦሞድ ጋቢና!

ወደ ቤት ስመለስ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ባጃጅ ግን አልገባሁም።

ሐሙስ

ሰናይትን አነጋገርኳት። ጮኼባት ይሆናል።

«አባዬ፣ መጀመሪያ የጠየቅኩት እኮ አንተን ነው» አለች። «መኪና ይሄዳል፣ ሰው ይወርዳል፣ ይሄ ደግሞ ምን ታሪክ አለው ብለህ ዘጋኸኝ።»

ብያለሁ። የዚያን መኪና ነገር ሳነሳ አልማዝ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ትልብኛለች፣ ድምፄ ይሰበራል። ይሄን ለልጅ አይናገሩትም።

ከዚያ ኦሞድ የነገራትን አነበበችልኝ። የሚጀምረው በኔ ክላክስ ነው! መኪናዬ ወንዙን መሻገር ስለማትችል ዳር ላይ ቆሜ ክላክስ እነፋለሁ፣ እሱ ማዶ ሆኖ ይሰማል፣ ታንኳውን ይዞ ይመጣል። እዚህ ድረስ ትክክል። ቀጥሎ ግን «ረጅም ከሆነ ደህና ሰዎች ናቸው፣ አጭር አጭር ከሆነ በሽተኛ አለ» ይላል።

ገልብጦታል! አጭር አጭር ማለት ደህና ሰዎች ናቸው፣ ዓሣህን በልተህ ና ማለት ነው። ረጅሙ ነው የበሽተኛ። ይሄንን የማያውቅ ሰው ጋቢና ይቀመጣል?

«እንግዲያው ቅዳሜ መጥተህ አርመው» አለች ሰናይት። ፈገግ እያለች ነው።

አንድ ሌላም አነበበች። አልማዝ ወንዙን ስትሻገር ታንኳው አፍንጫ ላይ ትቀመጥ ነበር አሉ። እጇን ውኃ ውስጥ ትነክራለች። ኦሞድ አዞ አለ ቢላት ትስቃለች እንጂ አታወጣም።

እኔ ይሄን አላየሁም። መኪናዬን ጠብቄ እዚያው ዳር ነበር የምቀረው። የሷን ሳቅ ሌላ ሰው ይዞት ኖሯል።

ዓርብ

ሸሚዜን አጠብኩ። ለማረም ብቻ ነው የምሄደው።

ቅዳሜ

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኦሞድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፊት ተቀምጧል፤ እኔ ከኋላው። ሰናይት ቆማ ስታነብ ክላክሱ ጋ ስትደርስ ብድግ አልኩ።

«ተገልብጧል! ረጅሙ የበሽተኛ ነው!»

«አንተ ነፊ ነህ፤ የምሰማው እኔ ነኝ!» አለ ኦሞድ ሳይዞር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ጋለ።

ድልድዩ አጠገብ አንዲት እርጉዝ እናቷ ደግፋት ገባች። ላብ አጥምቋታል። ቦታ የለም። በኔ መኪና ደግሞ ሕግ ነበረ፤ ባለሥልጣንም ይሁን ባለጠጋ፣ እርጉዝና በሽተኛ ካለ ጋቢናውን ይለቃል።

«ኦሞድ፣ ጋቢና የማን ነው?» አልኩት።

አየኝ። ተነሳና ልጅቷን ክንዷን ይዞ አስቀመጣት። የኔን ወንበር ደግሞ ለእናቷ ለቀቅሁ። ሁለታችንም ብረቱን ይዘን ቆምን።

«ልጄ፣ ረጅሙን ንፋ!» አልኩት ሹፌሩን። ነፋው።

ኦሞድ አንገቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«ልክ ነህ» አለኝ። «ይሄን ስሰማ ነበር ዓሣዬን ጥዬ የምሮጠው። ስንቱ ዓሣ ለውሻ ቀረ!»

እስከ መጨረሻው ክንዴን ይዞኝ ቆመ። አውቶቡሱ ስለሚወዛወዝ ነው የተውኩት።

እሑድ

ሰናይት አስተካክላ ጻፈችው። ኦሞድ ግን አሁንም የአልማዝን ሳቅ ከኔ የበለጠ ያውቃል። ይሄ ከልቤ አልወጣልኝም። ይወጣልኝ እንደሆነ እንጃ።

ማንም ሳይነካብኝ ራሴ የምከፍለው ዕዳ፦

ለኦሞድ፣ ማንጎ። ከሱ ዛፍ የተሻለ።

ለኦሞድ፣ ጥሎት ለሮጠው ዓሣ አንድ ሙሉ ምሳ። መኪናዬን ስለገፋውም ጭምር።

ለሰናይት፣ ከጎሬ እስከ ወንዙ ያለው የእናቷ መንገድ። እኔ ነኝ የምነግራት፣ ድምፄም ቢሰበር።

ለአልማዝ፣ ያልተሳፈርኩበት ታንኳ። ማዶ ድረስ። አፍንጫው ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ነክሬ። ኦሞድ ይቅዘፍ።