አባዬ፣ ፈረሰኞቹና የቤሌ መንገድ

እሁድ

ተሸነፍን። የተሸነፍነው በአባዬ ምክንያት ነው፤ እሱ ግን ጥፋቱን ስልኩ ላይ ጥሎ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። አባዬ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሶዶ ቤሌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲነዳ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የእኔን የጦርነት ጌም የለመደው በክረምቱ ወገቡን አሞት ቤት የዋለ ጊዜ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ "ይሄ ሁሉ ሠራዊት የማን ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ሦስት ዓይነት ወታደር አለ፦ ጦረኛ፣ ቀስተኛ፣ ፈረሰኛ። ጦረኛ ፈረሰኛን ያቆማል፣ ፈረሰኛ ቀስተኛን ይጨፈልቃል፣ ቀስተኛ ደግሞ ጦረኛን ከሩቅ ይጨርሳል። ሥራው ማንን ከፊት፣ ማንን ከኋላ፣ ማንን ከጎን እንደምታሰልፍ ማወቅ ነው። ትንሽ አሰበና "መኪና እንደ መጫን ነዋ!" አለ። በሳምንቱ በራሱ ስልክ ላይ አስጫነኝ። በወሩ በለጠኝ።

ቡድናችን ሃያ ሰው ነው። መሪያችን አስቴር ናት፤ ቦምቤ ከተማ የምታስተምር ሴት፤ በአካል አይተናት አናውቅም። አባዬን "ጄኔራል አባባ" ትለዋለች። ደስ ይለዋል፣ ግን ያልሰማ ይመስላል።

ዛሬ ጄኔራሉ የጠላት ጦረኞች እንደ ግድግዳ ተደርድረው በቆሙበት ላይ ፈረሶቹን በሙሉ ሰደዳቸው። አንድም አልተመለሰ። እንዲህ ያለ ስህተት የጀመረ ቀን እንኳ አልሠራም።

"እኔ የላክሁት ቀስተኛ ነው።"

"ፈረስ ነው አባዬ። አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ስልኩ ነው።"

እማዬ "ለጌም ብላችሁ በሰንበት አትጣሉ" አለችና የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበች። ተኮራርፈን በላን። (ቤታችን ወላይትኛ ነው የምናወራው፤ በአማርኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። በወላይትኛ ኩርፊያው የበለጠ ያምር ነበር።)

ሰኞ

ቢሮ ሻይ ሰዓት ላይ ድንገት ገባኝ! ቅዳሜ ዕለት ጌሙ አፕዴት ተደርጓል፤ የወታደሮቹ ምልክቶች ቦታ ተቀያይሯል። ድሮ ከግራ ጦረኛ፣ መሃል ቀስተኛ፣ ከቀኝ ፈረሰኛ ነበር። አሁን መሃል ያለው ፈረሰኛ ነው። አባዬ ቀስተኛ የላከ መስሎት መሃሉን ነክቷል። አለቀ። ስልኩም ልክ ነው፣ አባዬም ልክ ነው። ለአስቴር ጻፍኩላት፣ ሳቀች።

ወደ ቤት ስሄድ ግን መናኸሪያው ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ምልክቱ የፈረስ ሥዕል ነው እኮ። ቦታው ቢቀየርም ፈረስ ፈረስ ነው። የሚያየው ሰው እንዴት ብሎ ይሳሳታል?

ማክሰኞ

አባቴን ፈተንኩት። አፍሬያለሁ፤ ግን ፈተንኩት።

አንደኛ። "አባዬ፣ ጠላት ከፊት ያሰለፈው ምንድን ነው?" ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። "አንቺስ ምን ይመስልሻል?" አለኝ። አስተማሪ ይመስል።

ሁለተኛ። "ስልክሽ ጭጋግ ይዟል፣ ጥረጊው።" ጠረግሁት። "አሁንም ይዟል።" ምንም አልያዘም።

ሦስተኛ። ጎረቤት በበሩ ሲያልፍ አባዬ ዝም አለ። ሰውዬው "ሳሮ!" ብሎ ሰላም ሲለው ግን ወዲያው በስሙ ጠርቶ መለሰለት። የሚያውቀው በድምፁ ነው። መቼ ነው እንዲህ የሆነው? እኔ የት ነበርኩ?

ሁለት ወር ሙሉ ያ ሁሉ ድል በጣት ልምድ ነበር። የጠላትን አሰላለፍ ቡድኑ በድምፅ ሲጠራራ ይሰማል፣ የእኛው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፣ ጣቱ ቦታውን ያውቃል። ሥዕሉን አያየውም።

ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሰው ጭኖ ቤሌ ይሄዳል።

ረቡዕ

እማዬ ታውቃለች።

ሽንኩርት እየላጠች ነው የጠየቅኋት። ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ከፋሲካ ወዲህ ነው" አለችኝ። የስልክ ቁጥር የምታነብለት እሷ ናት። ሸሚዝ የምትመርጥለትም። ለማንም እንዳትናገር ቃል አስገብቷታል።

"መንዳት ከተወ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። በጸሎት ይዤዋለሁ።"

"ጸሎቱ ይቀጥል እማዬ። መኪናው ግን ይቁም።"

አለቀሰች። እኔም።

አባዬ አመሻሹ ላይ በደህና ገባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልነግረው አስቤ አልደፈርኩም። በዕድሜዬ አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ቁጡ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በምትኩ ከቢሮ የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩና "ነገ ቤሌ ያለች ጓደኛዬን ልጠይቅ፣ አብሬህ ልሂድ" አልኩት። ዋሸሁ። ቤሌ ጓደኛ የለኝም። ደስ ብሎት "ጋቢና ትቀመጫለሽ" አለኝ። ጫማውን ጠረገ። የእኔንም ጠረገልኝ።

ሐሙስ

አሁን ገና ከመንገድ ገባን።

መጀመሪያ ላይ በከንቱ የጠረጠርኩት መሰለኝ። ያምራል አነዳዱ! ጉድጓዱን ሳይደርስበት ያውቀዋል። "እዚህ ጋ ሰውየው ከብት ያሻግራል" ብሎ ቀስ ይላል፤ እውነትም ከብት። "ከዚህ ቁልቁለት በኋላ ድልድይ አለ"፤ እውነትም ድልድይ። እያፏጨ። ሠላሳ ዓመት። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ተሳስቼ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ከድልድዩ ወዲያ አንድ ኩርባ አለ። ኩርባውን እንደዞርን የመንገዱን ግማሽ የያዘ የገረጋንቲ አፈር ክምር አየሁ። ለጥገና የመጣ ነው፣ ገና እርጥብ ነው። ሁለት ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ክምሩ ላይ ያርፋሉ። አሁን መሪውን ያዞራል ብዬ ጠበቅሁ። አላዞረም። ያፏጫል።

"አባዬ፣ ክምር!"

"የቱ?" አለኝ።

ያቺን "የቱ" መቼም አልረሳትም። ጮህኩ፣ ፍሬኑን ረገጠ፣ ሴቶቹ መንገዱ ዳር ወዳለው የውሃ ቦይ ዘለሉ። መኪናው ሲቆም ከክምሩ አንድ እርምጃ ቢቀረው ነው። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተላተመ፤ ደግነቱ ማንም አልተጎዳ።

አባዬ ወረደ። ክምሩ ጋ ሄዶ በመዳፉ ነካው። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ።

"ይቅር በሉኝ እህቶቼ።"

ትልቋ እየተንቀጠቀጠች "አላየኸንም እንዴ?" አለችው።

ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ይሰማል።

"አላየኋችሁም" አለ አባዬ። "ዓይኔ አያይም።"

ቁልፉን ለማቴዎስ ሰጠው። ማቴዎስ አሥራ አምስት ዓመት ረዳቱ ሆኖ የሠራ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ መንጃ ፈቃድም አለው። ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለው። እኔና አባዬ ኋላ ተቀመጥን፤ አባዬ በገዛ መኪናው ኋላ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

ብዙ ከሄድን በኋላ "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አለኝ።

"ከማክሰኞ።"

"በምን?"

"በፈረሶቹ።"

ራሱን ነቀነቀ። "መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ነው እኮ። ማን ይቀይረዋል?" ከዚያ ደግሞ፣ ለራሱ ይመስላል፣ "ትናንት አልነበረም" አለ። እጁን ያዝኩት። አልወሰደብኝም።

ረቡዕ ማታ ብናገር ኖሮ እነዚያ ሴቶች ቦይ ውስጥ አይዘሉም ነበር። ይሄ ጥፋት የእኔም ነው።

ዓርብ

የዓይን ሞራ። ሁለቱም ዓይኖች። ቀኙ ይብሳል፣ እሱ ይቀድማል። በዚህ ሳምንት ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከሌላ ከተማ መጥተዋል፤ ተራ ደረሰን፣ ነገ ጠዋት።

ሐኪሟ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። "እስካሁን ይነዱ ነበር?" ስትለው አባዬ ወለሉን አየ። ተቆጣችው። በደንብ ተቆጣችው። እኔ ያቃተኝን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ተናገረችልኝና ትከሻውን መታ መታ አድርጋ "ይድናሉ" አለችው።

ጥሩ ጥሩው፦ ስኳር የለበትም። የደም ግፊቱ ደህና ነው። እማዬ ከፋሲካ ወዲህ ዛሬ ገና ጠግባ የበላች መሰለኝ።

መጥፎው፦ ፈርቷል። ፎጣውን ሦስት ጊዜ አጣጠፈው።

ሌላው፦ ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ትልቁ ውጊያ አለን፤ የተሸነፈ ከውድድሩ ይወጣል። ለአስቴር እንደማንገባ ጻፍኩ። "ጄኔራሉ ይዳንልን፣ ጦርነት የትም አይሄድም" ብላ መለሰች። ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

"ማን ነው አንገባም ያለው? የሚታሰረው ዓይኔ ነው፣ አፌ አይደለም።"

ቅዳሜ

እኔ ሻይ ሳልጨርስ ቀዶ ጥገናው አለቀ። ቀኝ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ወጣ። ትእዛዝ፦ አያጎንብስ፣ አይዝለል፣ ዓይኑን አይሽ፣ ከባድ አያንሳ።

አሥራ አንድ ሰዓት። አባዬ ትራስ ተደግፎ፣ እማዬ ከኋላው፣ እኔ ሁለቱን ስልክ ይዤ። ቡድኑ በድምፅ ይሰማናል።

"ንገሪኝ" አለኝ።

"ከፊታቸው ፈረስ ነው። ብዙ ነው፤ በሽብልቅ ቅርጽ ነው የተሰለፈው።"

"ፈረሱን ተይው። ከጀርባው ምን አለ?"

"ቀስተኛ።"

"ጎንና ጎኑስ?"

"ምንም።"

ፈገግ አለ። አንዱ ልጅ "ፈረስ በፈረስ እንግጠማቸው!" እያለ ይጮሃል። አስቴርም ወደዚያው አዘንብላለች። አባዬ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። "ልጆቼ፣ ጦረኛውን ከፊት አቁሙ። ቀስተኛ ከኋላው። ፈረሶቻችን በግራ ጥግ ይቁሙ፣ ማንም እንዳይነካቸው። የቸኮለ መጀመሪያ ይምጣ።"

መጡ። እኔ እያየሁ እነግረዋለሁ፦ ደረሱ፣ ተጋጩ፣ የመጀመሪያው ረድፋችን አለቀ፣ ሁለተኛው ያዘ...

"ያዘ?"

"ያዘ! ፈረሳቸው ቆሟል አባዬ!"

"ቆይ።"

አስቴር "አሁን?" ትላለች። "ቆይ" ይላል። ጦረኞቻችን እየቀነሱ ነው። ላቤ ስልኩ ላይ ይንጠባጠባል። "ቆይ" ይላል።

"አባዬ እያለቁ ነው!"

"ፈረሳቸው ሁሉ ገብቷል? ቀስተኛው ብቻውን ነው?"

"ብቻውን ነው!"

"በይ ልቀቂ።"

ለቀቅሁ። ሃያችንም ለቀቅን። ፈረሶቻችን በግራ ዞረው ቀስተኞቹ ላይ ወረዱ። አሸነፍን፤ በጥቂት ሰው ነው፣ ግን አሸነፍን። ቡድኑ በሙሉ "ጄኔራል! ጄኔራል!" ይላል። አባዬ ሊዘል ሲል እማዬ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘች። "ትእዛዝ አለብህ!" ሳቁ ግን ሆዱን አንቀጠቀጠው።

እሁድ

ጠዋት ከአምልኮ በፊት ሐኪም ቤት ሄድን። እማዬ የሰንበት ልብሷን ለብሳለች። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። "ይግለጡት" ሲባል እንኳ አልገለጠም።

ገለጠው። እንባው ወረደ፤ ብርሃኑ ነው አለች ነርሷ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እማዬን ብዙ አያት።

"መቼ ነው ይሄን ሁሉ ሽበት ያወጣሽው?"

"አንተ ሳታየኝ" አለችው።

የግራው ገና ነው፤ ቀጠሮ ተሰጥቶናል። ወደ መሪ ይመለስ አይመለስ ሐኪሟ አልተናገረችም፤ እሱም አልጠየቀም። እኔም ፈራሁና አልጠየቅሁም። ማቴዎስ ዛሬ ሁለቴ ደውሏል።

አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። በመስኮቱ አያቸዋለሁ፣ እሰማቸዋለሁም። እማዬ ፀጉሯን በሻሽ ልትሸፍን ስትል አባዬ "ተይው፣ ልየው" አላት።