በበሩ በኩል የሚገባው ስም

ኅዳር 15፣ ጠዋት
ዛሬም ጌትዌዩ ላይ ነኝ። የኮሌጁ ኔትወርክ ሁሉ በእሱ ያልፋል። ሥራዬ፦ ስምና የይለፍ ቃል ወደሚያጣራው ሰርቨር የሚሄደውን ሁሉ እንዲከታተል ማድረግ። የማይታወቅ ሰው ሊገባ ይሞክራል አሉ። አንድ ነገር ተሳስቼ የፎቁን ኢንተርኔት በሙሉ አቋረጥሁ፤ ሬጅስትራሮቹ ረገሙኝ። እውነታቸውን ነው።

ከረፋዱ በኋላ ሠራ። ስሞች መውረድ ጀመሩ። በመካከላቸው የባልደረባዬ ስም፦ እንዳለ።

ማስታወሻዬ፣ እንዳለ እኮ የለም። መራዊ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ከቀበሩት አንዱ እኔ ነኝ።

ኅዳር 16
ዛሬም ገባ። ልክ እሱ ለቁርስ ይወጣበት በነበረው ሰዓት። የይለፍ ቃሉም ትክክል። ሹራቡ አጠገቤ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ አለ። ፈራሁ፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ።

ለአለቃዬ ለወ/ሮ ሰብለ ነገርኋቸው። እሱ እኮ ሞቷል አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት! አርባው ሳይወጣ ስሙን መሰረዝ ለሁላችንም ከብዶን ነበር፤ ለእሳቸውም። አሁን ግን እስከ ዓርብ ዝጋው አሉ። ሌባ በሟች ስም እየገባ ነው ብለው።

ምነው ሌባ በሆነ።

ኅዳር 17፣ ረፋድ
በየት በኩል እንደሚገባ ተከታተልሁ። በዋናው በር ዋይፋይ። ሮጥሁ።

ዘበኛው ወንበር ላይ የእንዳለ እናት፣ እማማ ጥሩወርቅ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወደ አገራቸው ወደ ደልጊ የተመለሱ መስሎኝ ነበር፤ እስከ አርባው እዚሁ እህታቸው ዘንድ ናቸው። ጭናቸው ላይ የእንዳለ ስልክ። ከልብሱ ጋር የሰጠናቸው እኛው ነን። ስልኩ የይለፍ ቃሉን ያስታውሳል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ራሱ በእንዳለ ስም ይገባል። ለካ ይኸው ነው! ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ጠፋ።

ምን ያስቀምጥዎታል አልኋቸው።

«ቤት ስሆን ዝም ይላል፣ ልጄ። እዚህ ስደርስ ይነቃል። ሰው አሁንም ይጠራዋል።»

ማንበብ አይችሉም። ስልኩን ሰጡኝ። የሌሎቹ መልእክት ከቀብሩ ሳምንት ወዲህ ቆሟል። በየጠዋቱ የሚገባው የአንድ ሰው ብቻ ነው። የእኔ። ለእንዳለ እንደምጽፍለት ላንተም፣ ማስታወሻዬ፣ አልነገርሁህም፤ አፍሬ ነው። የዛሬው፦ «ጌትዌዩ አስቸገረኝ፣ የት ነህ?»

«ማነው ይኼ የማይረሳው?» አሉኝ።

ጓደኛው ነው አልሁ። ስልኩን መለስሁላቸው።

ኅዳር 19፣ ዓርብ
ለወ/ሮ ሰብለ ሁሉንም ነገርኋቸው። በስሜ አንድ ስልክ ልጨምር? አልኋቸው። የሟቹን ዝጋ፣ ሌላውን ፈቅጃለሁ፣ አሉና ፊታቸውን በመስኮቱ ወደሚታየው ሐይቅ አዞሩ።

በሩ ጋ ሄጄ የእንዳለ ስልክ በእኔ ስም እንዲገባ አደረግሁ። ተመልሼ እንዳለን ሰረዝሁ። አሁን ጌትዌዩ የሚያሳየው እኔን ነው፤ አንዴ ከጠረጴዛዬ፣ አንዴ ከበሩ። ሲያዩት ያስፈራል።

እማማን በመስኮት አያቸዋለሁ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። የዛሬውን ገና አልላክሁም። እንዳለ፣ ከአርባውም በኋላ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ ግን ምን ብዬ ልጻፍ?