ገጽ ዘጠና ሦስት፦ የመምህርት ሥራነሽ ታረቀኝ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሥራነሽ ታረቀኝ ከአባታቸው ከመሪጌታ ታረቀኝ አንሙት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔአለም ገብረ ሚካኤል በደብረ ኤልያስ ወረዳ ሚያዝያ 12 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ወረዳ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ በደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ተቀምጠው በ1974 ዓ.ም. አጠናቀቁ።

በ1975 ዓ.ም. የሒሳብ መምህርነት ለመማር ኮሌጅ ገቡ። በሁለተኛው ዓመት ኢንተግሬሽን የሚባለው የካልኩለስ ክፍል ጣላቸው። አስተማሪው ቀመሩን ከአሮጌ ወረቀት ሰሌዳ ላይ ገልብጠው «ሸምድዳችሁ ኑ» ብለው ይወጡ ነበር። እሳቸውም ሸመደዱ፤ ወደቁም። ያን ጊዜ የተሰማቸው ኀፍረት አልነበረም፤ መጸየፍ ነበር። «ያልገባኝን ነገር በቃሌ ይዤ ስዞር፣ ሌላ ሰው ያኘከውን የጎረስሁ ይመስለኝ ነበር» ይሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ለዕረፍት ቤተሰብ ዘንድ ሲመጡ የገበሬ ማኅበሩ መሬት ይለካ ነበር። የአጎታቸው ማሳ በአንድ ጎኑ ወንዙን ተከትሎ ይጠማዘዛል። ለኪዎቹ ሰፊውን ቦታ ብቻ ለክተው በርዝመቱ አባዙት፤ ማሳውም ከልኩ በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ሥራነሽ ገመዱን ተቀብለው ማሳውን አንድ አንድ እርምጃ በሚሰፋ ቁራጭ ከፋፈሉና የእያንዳንዱን ስፋት አውጥተው ደመሩ። ቀጥለው በግማሽ እርምጃ ደገሙት። ቁራጩ በጠበበ ቁጥር ስሕተቱ እያነሰ እንደሚሄድ፣ ኢንተግሬሽን ማለትም ይኸው እንደሆነ እዚያ ማሳ ላይ ገባቸው። ኮሌጅ ተመልሰው ትምህርቱን እንደገና ወስደው ከክፍላቸው አንደኛ ሆኑ።

በ1978 ዓ.ም. ተመርቀው ደጀን ተመደቡ። በ1982 ዓ.ም. ከአናጢው ከአቶ ፍሥሐ እንዳላማው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ወንጌላዊትንና መሳፍንትን ወለዱ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2015 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ።

ተማሪዎቻቸው እንደሳቸው እንዳይሰቃዩ ብለው ኢንተግሬሽንን በአማርኛ የሚያስረዳ ደብተር ለአሥራ አንድ ዓመት ጻፉ። ከቀላሉ የመተካት ዘዴ ተነሥቶ የጠማማ ዕቃን ይዘት እስከመፈለግ ይደርሳል። የጎረቤታቸውን ጋን እንኳ ከአፉ እስከ ቂጡ ለክተው ምሳሌ አድርገውታል።

በ2006 ዓ.ም. አንድ የሥራ ባልደረባቸው ደብተሩን «ለአንድ ሳምንት ላንብበው» ብሎ ወሰደ፤ አልመለሰውም። በ2008 ዓ.ም. ደብተሩ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ የሰውየው ስምና ፎቶግራፍ አለ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። በዚህ ጽሑፍ አንቱታ የነፈግሁትም እሱን ብቻ ነው።

እኔ፣ ታናሽ ወንድማቸው ጌቱ፣ መጽሐፉን ይዤላቸው ስሄድ ይከሱታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገው ዘጠና ሦስት ላይ ቆሙና ፊታቸው ጠቆረ። የጋኑን ይዘት ሲያሰሉ በፓይ ማባዛት ረስተው ኖሯል። ሰውየውም ሳይገባው ከነስሕተቱ ገልብጦታል።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥተው ተናገሩ። ርእሰ መምህሩ «ማስረጃ አለዎት ወይ?» አሏቸው።

«ማስረጃዬ ገጽ ዘጠና ሦስት ነው። ፓይን ረስቻለሁ፤ እሱም ረስቷል።»

ሰውየው «ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሳሳት ይችላል» አለ።

«ይችላል» አሉ። «እንግዲያው አርመው። ልጆቹ እየሸመደዱት ነው።»

አላረመም። ቤቱም ዝም አለ። በማግስቱ እሳቸው ትክክለኛውን መልስ ቢሰጧቸውም ተማሪዎቻቸው «መጽሐፉ እንዲህ አይልም» ብለው ተከራከሯቸው። እኅቴን ከስርቆቱ ይልቅ ያንገፈገፋቸው ይህ ነው።

በሳምንቱ ያንኑ የጎረቤት ጋን በባጃጅ አስጭነው ክፍል አስገቡ። በአንድ ሊትር ጆግ ውኃ እያስቀዱ ተማሪዎቹን አስቆጠሩ። አሥራ አምስት ላይ አስቆሙና «መጽሐፉ እዚህ ላይ ሞልቷል ይላል። እዩት» አሉ። ጋኑ ገና ሲሶውም አልደረሰም። ጠርዙ ድረስ የሞላው በአርባ ሰባተኛው ነው። ከዚያ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ አርሙልኝ» አሉ። ተማሪዎቹም እያንዳንዳቸው በእስክሪፕቶ አረሙ። ሰውየው ይህን ሁሉ በመስኮት ቆሞ ሲያይ እንደነበር ያዩት ነግረውናል።

በሁለተኛው እትም ገጽ ዘጠና ሦስት ታርሞ ወጣ። የሰውየው ፎቶግራፍ ግን ከሽፋኑ ላይ አልተነሣም። ሰውየው ለዚሁ መጽሐፍ ምስጋናና ሹመት ተቀበለ፤ እኛም ጭብጨባውን ሰማን። እኅቴ አዲሱን እትም አይተው ዘጉት፤ ተነሥተውም እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታውን አልተቀበሉም። ይህ ኃጢአት እንዳይሆንባቸው ፈርተው ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ፍቅረ ሥላሴ ነገሯቸው። ቄሱም «ይቅር ማለት ግድ ነው ልጄ። ሌባን ደራሲ ብሎ መጥራት ግን ግድ አይደለም» አሏቸው።

በ2016 ዓ.ም. የጨጓራ ካንሰር ታመው በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሊሻላቸው አልቻለም። ባለፈው ኅዳር ሰውየው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። አልጋቸው አጠገብ እንዲቀመጥ ነገሩት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «አሁን ለተማሪዎቹ ንገራቸው።»

«እሺ መምህርት» ብሎ ወጣ።

ሁለት ወር ጠበቁ። በየሳምንቱ «ተናገረ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። አልተናገረም። እኅቴ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ።

የቀብር ሥርዓቱን የሚያስተባብሩልን ሰዎች ይህ ክፍል ከሕይወት ታሪኩ እንዲወጣ፣ «ለቀብር አይመችም» በማለት፣ ለመኑኝ። አክብሬ ሰማኋቸው፤ ግን አላወጣሁትም። እኅቴ ይቅር ያሉት ስርቆቱን ነው እንጂ ዝምታውን አይደለም። መጽሐፉን የጻፉት መምህርት ሥራነሽ ታረቀኝ ናቸው። እዚህ የቆማችሁ ተማሪዎቻቸው ዛሬ ከቤታችሁ ስትገቡ ሽፋኑ ላይ ያለውንም በእስክሪፕቶ አርሙት።

መምህርት ሥራነሽ ባለቤታቸውን አቶ ፍሥሐን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አራት ወንድምና እኅቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎች ማደሪያ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናትን፣ ለዝምተኞችም አንደበትን ይስጥ። አሜን።