ውጬዋለሁ ብሎ ነበር

ፓይሊን፣ ካምቦዲያ

ልጄ ሶፊያፕ፣

የመነኮሳቱ ጸሎት ባንኮክ ድረስ ይከተልሽ፤ እጅሽ አይድከም። እኔ አለሁ። ካሳቫው ተነቅሏል፣ ላሟም ወልዳለች።

ወንድምሽ ቪቦል ከጫካ ወባ ይዞት ሲመለስ ሦስት ቀን ክኒን ሰጠሁት፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀውም። ስደውልልሽ «እማ፣ እሱ መቼ መድኃኒት ይውጣል፤ ምላሱ ሥር ደብቆ ተፍቶት ነው» አልሽኝ። የተማርሽ ነሽና አመንኩሽ። በሞተበት ጠዋት እንኳ አፉን ፈልቅቄ በጣቴ ስፈልግ «ውጬዋለሁ፣ እማ» ይለኝ ነበር። ውሸታም አልኩት።

የጤና ጣቢያችን ነርስ ሳይሞት ከክንዱ ቀድታ አንቺ ወደምትሠሪበት ላቦራቶሪ የላከችው ደም ውጤት ትናንት መጣ፤ አነበበችልኝ። ተውሳኩን በዚያው መድኃኒት ብትፈትኑትም አልሞተም ይላል። ከታች ያለው ፊርማ ያንቺ ነው። ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም ስለሌለ የማን ደም እንደሆነ አላወቅሽም።

ተውሳኩ ዛሬም በብልቃጥ ውስጥ፣ እጅሽ ላይ፣ በሰው ደም እየተቀለበ እንደሚኖር ነርሷ ነግራኛለች። ከወንድምሽ የተረፈው እሱ ነውና አታስርቢው።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ለመቶኛ ቀን መታሰቢያው ነይና ወረቀቱን ፎቶው ፊት አንብቢለት። እኔ ብነግረው አያምነኝም።

እናትሽ